ፈቃዱ በማን ስም ነው? ከቀብሪበያህና ከአውበሬ የስምንት ቀን ማስታወሻ

ሰኞ፦ ከድሬዳዋ ወደ ጅግጅጋ

ከአዲስ አበባ በቀጥታ ጅግጅጋ የሚያደርስ አውሮፕላን እያለ፣ ድሬዳዋ ወርጄ የቀረውን በመኪና ለመሄድ ወሰንኩ። የደንገጎን ጠመዝማዛ ዳገት ወጥቶ የሐረማያን ነፋስ መቀበል፣ የአወዳይን የጫት ገበያ በግርግሩ መሀል ማለፍ፣ ሐረር ላይ ቁርስ በልቶ ወደ ባቢሌ ቆላ መውረድ እወዳለሁ። ደግሞም ንግድ ለማየት ለሚሄድ ሰው ይህ መንገድ ራሱ ብዙ ያስተምራል። ጠዋት የተቆረጠው ጫት ሳይጠወልግ ለመድረስ በአይሱዙ ይከንፋል። የባቢሌ ሴቶች ለውዝ በጣሳ እየሰፈሩ መኪና ያስቆማሉ። ጥቂት ራቅ ብሎ ደግሞ ቢጫ ጄሪካን አጠገባቸው ያቆሙ የሶማሌ እናቶች በግራር ጥላ ሥር ተቀምጠው የግመል ወተት ይሸጣሉ። ሁሉም ከፀሐይ ጋር እሽቅድምድም ይዘዋል።

የዳካታ ሸለቆን አለቶች፣ አንዱ በሌላው ላይ ተነባብረው አሁን ወደቁ የሚያሰኙትን፣ ከመኪናው ሳንወርድ አለፍናቸው፤ ሰዓቱ ሄዶብን ነበር። ካራማራን ስንሻገር ሾፌራችን ድምፁን ዝቅ አድርጎ አባቱ በ1970 ዓ.ም. እዚህ ተራራ ላይ መዋጋቱን ነገረኝ። ጥቂት ዝም ካለ በኋላ፣ “ዛሬ ጎማ የምገዛው ከሞቃዲሾ ተሰድዶ ከመጣ ሰው ነው፤ ዱቤ የሚሰጠኝ እሱ ብቻ ነው” አለ። ከተራራው ማዶ ጅግጅጋ በሜዳው ላይ ተዘርግታ፣ የቆርቆሮ ጣራዋ በምሽት ፀሐይ ያብለጨልጭ ነበር።

የመጣሁበትን ጉዳይ ልናገር። ሙያዬ የሒሳብ ሥራ ነው። ላለፉት ሦስት ወራት ስደተኞችንና የተቀባዩ ማኅበረሰብ ነዋሪዎችን በአንድ ወንበር አስቀምጦ ለሚያሠለጥን የንግድ ማፋጠኛ ፕሮግራም በአማካሪነት ሳገለግል ቆይቻለሁ። አክስለሬተር የሚሉት ይህን ነው። ሥራ ፈጣሪዎች ተወዳድረው ይገባሉ፤ ለተወሰኑ ሳምንታት ስለ ሒሳብ አያያዝ፣ ስለ ገበያና ስለ ዋጋ አወጣጥ ይሠለጥናሉ፤ ለእያንዳንዳቸው አማካሪ ይመደባል፤ በመጨረሻ ዳኞች ፊት ቀርበው ሥራቸውን ያስረዳሉ፤ የተመረጡት የማይመለስ መነሻ ካፒታል ያገኛሉ። እኔ እስካሁን ያማከርኩት በስልክ ነበር። ከመጨረሻው ውድድር በፊት ሱቆቹን፣ ጄሪካኖቹንና ሰዎቹን በዓይኔ ላያቸው ነው የመጣሁት። ስማቸውን አልጽፍም፤ በሥራቸው እጠራቸዋለሁ።

ማክሰኞ፦ ጅግጅጋ

ጠዋት በሥልጠናው አዳራሽ ተገናኘን። ግማሾቹ ከቀብሪበያህ፣ ከሸደርና ከአውበሬ መጠለያዎች የመጡ ስደተኞች ናቸው፤ ግማሾቹ የየወረዳው ተወላጆች። ማን የትኛው እንደሆነ ለመለየት ሞክሬ አልቻልኩም። ቋንቋው አንድ፣ ሃይማኖቱ አንድ፣ አለባበሱ አንድ፤ የሚለያየው ኪሳቸው ውስጥ ያለው መታወቂያ ብቻ ነው።

ተርጓሚያችን ቀብሪበያህ መጠለያ ውስጥ የተወለደ የ24 ዓመት ወጣት ነው። አማርኛን የተማረው በትምህርት ቤትና በገበያ ነው። ሶማሊያን አይቷት አያውቅም። “አገርህ የት ነው?” ተብሎ ሲጠየቅ፣ “ቀብሪበያህ” ብሎ ይመልሳል፤ ጠያቂው ደግሞ ሁልጊዜ ሁለተኛ ጥያቄ እንደሚያስከትል ይናገራል።

በስልክ ስጨቃጨቃት የነበረችውን ወተት ነጋዴ ያገኘኋት እዚህ ነው። ጭቅጭቃችን ስለ አንድ ሠንጠረዥ ነበር። ፕሮግራሙ ሁሉም ሠልጣኝ የ12 ወር የገቢና የወጪ ትንበያ እንዲሞላ ይጠይቃል። እርሷ በየወሩ የተለያየ ቁጥር እየሞላች ስትልክልኝ፣ እኔ ያልተረጋጋ ሥራ ነው እያልኩ መልሼ አስተካክዪው እላት ነበር። ዛሬ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችና በጣቷ አሳየችኝ። “አበዮ፣ ይህ ጂላል ነው፤ በረሃው ይደርቃል፣ ግመሎቹ ይርቃሉ፣ ወተት ያንሳል፣ ዋጋ ይወጣል። ይህ ደግሞ ጉ ነው፤ ዝናብ ይዘንባል፣ ወተት ይተርፋል፣ ዋጋ ይወድቃል፤ የሚበላሽብኝም ያን ጊዜ ነው። አንቺ ሁሉንም ወር እኩል አድርጊልኝ ስትዪ ዝናቡን እንዴት አድርጌ ላስተካክለው?”

አበዮ ማለት እኅቴ ማለት ነው። ደብተሬን አውጥቼ እንደገና ጀመርን። የዓመቱን ሒሳብ በዝናቡ ከፋፍለን ስንሠራው፣ ለሦስት ወር ያልገባኝ ነገር በአንድ ሰዓት ፍንትው ብሎ ታየኝ። ኪሳራዋ ያለው ወተቱ በሚትረፈረፍበት ወቅት ነው። በእርሷ ዘንድ ማቀዝቀዣ የሚያስፈልገው በጥጋቡ ወራት ነው። እንዲህ ያለ ነገር ከአዲስ አበባ ሆኖ በተዘጋጀ ቅጽ ላይ አይገኝም፤ ቅጹን ካዘጋጁት አንዷ እኔ ስለሆንኩም ከልቤ አዝናለሁ።

ከሰዓት በኋላ ስለ ብድር ተወያየን። ወለድ ያለበት ብድር ለአብዛኞቹ በሃይማኖታቸው ምክንያት የተዘጋ በር ነው። ለዚህ ነው በክልሉ ከወለድ ነፃ የባንክ አገልግሎት ትልቅ ቦታ የያዘው። ከሶማሊ ማይክሮፋይናንስ ተነሥቶ ያደገው ሸበሌ ባንክ የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ሙራባሐ የሚባለው አሠራር ቀላል ነው፦ ባንኩ ማቀዝቀዣውን ራሱ ይገዛል፤ ትርፉን አስቀድሞ አሳውቆ ለነጋዴዋ ይሸጥላታል፤ እርሷ በየወሩ ከፍላ ትጨርሳለች። ሁሉም ይህን ያውቃሉ። የሚያስቸግራቸው ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ነው። ማስያዣ አለሽ? የንግድ ፈቃድ አለሽ? ፈቃዱስ በማን ስም ነው?

ይህን የመጨረሻ ጥያቄ ስጽፍ ወተት ነጋዴዋ አይታኝ ዓይኗን መለሰች።

ረቡዕ፦ ቀብሪበያህ

ከጅግጅጋ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሜዳው በጂላል ደርቆ እንደ አሮጌ ቆዳ ቢጫ ሆኗል። በመንገዱ ዳር ቢርካዎች ይታያሉ፤ መሬት ተቆፍሮ በሲሚንቶ የተለሰኑ የዝናብ ውኃ ማጠራቀሚያዎች፤ አሁን አብዛኞቹ ባዶ ናቸው።

የዚህን አካባቢ የንግድ ታሪክ ለመረዳት ትንሽ ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1988 ሐርጌሳ በቦምብ ስትደበደብ ሕዝቡ ድንበሩን ተሻግሮ ሐርትሼክ ላይ ሰፈረ። ሐርትሼክ በአንድ ወቅት በዓለም ላይ ከነበሩት ታላላቅ የስደተኞች መጠለያዎች ቀዳሚ ሆኖ ነበር፤ ትልቅ የንግድ ገበያም ሆነ። ሰላም ሲወርድ ሰዎቹ ወደ አገራቸው ተመለሱና መጠለያው እ.ኤ.አ. በ2004 ተዘጋ። ቀብሪበያህ ግን ሌላ ታሪክ አላት። እ.ኤ.አ. በ1991 የዚያድ ባሬ መንግሥት ሲወድቅ ከሞቃዲሾና ከደቡቡ የሸሹት ሰዎች እዚህ አረፉ፤ የሚመለሱበት ሰላም ግን አልመጣም። መጠለያው ከተከፈተ ከ30 ዓመት በላይ ሆኖታል። እዚህ የተወለዱ ልጆች ዛሬ የራሳቸውን ልጆች ትምህርት ቤት ያደርሳሉ።

መጠለያው ከከተማው ጋር ተጣብቋል። ተርጓሚያችን “አሁን ገባን” ባይለኝ ኖሮ ወሰኑን አላውቀውም ነበር። የጭቃ ግድግዳና የቆርቆሮ ጣራ ያላቸው ቤቶች፣ በመሀላቸው እንደ ጎጆ ክብ ሆነው በጨርቅ የተሸፈኑ አቃሎች፣ የእሾህ አጥር፣ ባጃጅ፣ አህያ ጋሪ። ከጀረር ሸለቆ በቧንቧ የሚመጣው ውኃ ለከተማውም ለመጠለያውም የሚደርስ ነው። ውኃው ሲቋረጥ ሁሉም አብሮ ይጠማል።

መጀመሪያ የገባነው ዘይት፣ ስኳር፣ ፓስታ፣ ሳሙናና የሕፃን ዱቄት ወተት ወደሚሸጥ ሱቅ ነው። ባለቤቷ ስደተኛ ናት፤ ከአርባ ዓመት አታልፍም። ሒሳብ መዝገብሽን አሳዪኝ አልኳት፤ ፕሮግራሙ የሰጣትን ባለ መስመር አዲስ መዝገብ አወጣች። ንጹሕ ነበር፤ ከመጠን በላይ ንጹሕ። እውነተኛውን አሳዪኝ ስላት ሳቀችና ከስኳር ከረጢቱ ጀርባ ሌላ አወጣች፤ ጠርዙ በዘይት የወረዛ፣ ሽፋኑ በፕላስተር የተያያዘ የዱቤ ደብተር።

ያን ደብተር አንድ ሰዓት ያህል አገላበጥኩት። እያንዳንዱ ገጽ የአንድ ቤተሰብ ነው። ስም የለም፤ “የግመሉ አባት”፣ “ሰማያዊ በር”፣ “የመምህሩ ሚስት” ይላል። በአንዳንዱ ገጽ ጥግ ትንሽ ክብ አለ፤ ከራሽን ቀን በኋላ የሚከፍሉት ናቸው። በሌላው ጥግ ሁለት መስመር አለ። ምንድን ነው ስላት፣ “ደመወዝተኞች” አለችኝ። የወረዳ ሠራተኞች፣ ጥበቃዎች፣ መምህራን፤ የአገሬው ሰዎች። ደመወዝ ሲዘገይ ከእርሷ ሱቅ በዱቤ ይወስዳሉ። እንግዲህ እኛ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠን ተቀባዩ ማኅበረሰብ ስደተኛውን እንዴት ይደግፍ ስንል፣ እዚህ ስደተኛዋ ተቀባዩን ማኅበረሰብ ከወር ወር ታሻግረዋለች። ከደብተሩ ውስጥ ጨርሶ ያልከፈሏት ስንት ናቸው ብዬ ጠየቅኩ። ገጾቹን አንድ በአንድ ሄዳ ሦስት አሳየችኝ። አንደኛው ሞቷል። “እሱንስ ለአላህ ትቼዋለሁ” አለች።

እስከ ዛሬ ካየኋቸው የብድር መዝገቦች መካከል እንደዚህ በጥንቃቄ የተያዘ ጥቂት ነው። ሆኖም ይህች ሴት ለየትኛውም አበዳሪ “የብድር ታሪክ የላትም”። መነሻ ገንዘቧን ያገኘችው ከአዩቶ ነው። አዩቶ የእኛው እቁብ ነው፤ ሴቶች በየሳምንቱ ያዋጣሉ፤ በተራ ይወስዳሉ፤ የታመመ ወይም ልጅ የሚድር ካለ ተራው ይለወጥለታል። በመጠለያው ውስጥ ለዓመታት ንግድን ያፋጠነው ይኸው ነው። ለፕሮግራሙ ሪፖርት በምጽፈው ላይ የዱቤ ደብተርና የአዩቶ መዝገብ እንደ ብድር ታሪክ ይቆጠር ብዬ ከላይኛው መስመር ላይ አስቀምጣለሁ። ሳልታክትም እሟገትበታለሁ።

ከሱቁ ወጥተን አንድ ልብስ ሰፊ ጋ አለፍን። ዲራዕ የሚባለውን ስስ የሴቶች ቀሚስ ጠርዝ ይሰፋል። በፌስታል አድርጎ ግድግዳ ላይ የሰቀላቸውን የሥልጠና ምስክር ወረቀቶች አወረደልኝ፤ አራት ናቸው፤ አራት የተለያዩ ፕሮጀክቶች፣ አራት ጊዜ ያው የልብስ ስፌትና የንግድ ክህሎት ሥልጠና። የሲንጀር መኪናው ግን የራሱ አይደለም፤ በቀን እየከፈለ ይከራየዋል። ሰውየው አላማረረም። እኔ ግን አሁንም ስጽፈው ያመኛል፤ ለአራቱ ሥልጠናዎች አዳራሽ፣ ለአበልና ለሻይ የወጣው ገንዘብ ስንት የልብስ ስፌት መኪና ይገዛ ነበር?

በመጨረሻ ወተት ነጋዴዋ ቤት ደረስን። ጓደኛዋም እዚያው ጠበቀችን። ወተት ነጋዴዋ ስደተኛ ናት፤ በ17 ዓመቷ ከእናቷ ጋር ከሞቃዲሾ መጣች። ጓደኛዋ የአገሬው ተወላጅ ናት፤ ከከተማው ወጣ ብላ የምትኖር፣ ጥቂት ግመሎች ያሏት፣ የአርብቶ አደሮቹን መንገድ ሁሉ የምታውቅ። በመጀመሪያው ዓመት ውኃ ፍለጋ አንድ ቢርካ ላይ ተጣልተው ነው የተዋወቁት። ዛሬ አንደኛዋ ከንጋት በፊት ከአርብቶ አደሮች ወተቱን ትሰበስባለች፤ ሌላዋ ጅግጅጋ ወስዳ ትሸጣለች።

ከእንጨት የተሠራውን የወተት ዕቃ ሲያጥኑት አየሁ። ትንሽ የእንጨት ፍም በእቃው ውስጥ ይጨምሩና ክዳኑን ይዘጋሉ፤ ይነቀንቁታል፤ ጢሱ ሲወጣ ሽታው እናቴ ወይራ የምታጥንበትን ቀን አመጣብኝ። ጢሱ ወተቱ ቶሎ እንዳይበላሽ ያግዛል፤ ጣዕምም ይሰጠዋል። ነገር ግን ይህ የሚሆነው በእንጨቱ ዕቃ ነው። ወደ ጅግጅጋ የሚጓዘው ወተት በቢጫው የፕላስቲክ ጄሪካን ነው፤ አንገቱ ጠባብ ስለሆነ እጅ አይገባበትም፣ በደንብ አይታጠብም። እቅዳቸው አፋቸው ሰፊ የሆኑ የብረት የወተት ዕቃዎችንና ጅግጅጋ ላይ አንድ ማቀዝቀዣ መግዛት ነው። ከዚህ የተወሳሰበ ነገር የለበትም።

“ፈቃዱ በማን ስም ነው?” ብዬ የጠየቅኩት ሻሂ እየጠጣን ነው። ዝም አሉ። ፈቃዱ በአገሬዋ ስም ብቻ ነው። ሲያወጡት ሌላ መንገድ አልነበራቸውም። ሁለቱም የንግዱ እኩል ባለቤት መሆናቸውን የሚያውቁት እነርሱና ገበያው ናቸው። ወረቀቱ አያውቅም።

መልስ የሰጠችኝ አገሬዋ ናት። “የሷን ስም ጨምሩልኝ። እኔ ስሞት ልጆቼ ይህን ሥራ የእናታችን ነው ይላሉ። ጥሩ ልጆች ናቸው፤ ገንዘብ ሲታይ ግን ሰው ዘመድ ያበዛል። ከሞትኩ በኋላ እሷን ደጅ የሚያስጠና ነገር ትቼ መሄድ አልፈልግም።” ተርጓሚያችን ይህን ሲተረጉም ድምፁ ተቆራረጠ። እኔም ብርጭቆዬን ይዤ ወደ ደጁ ማየት ጀመርኩ።

ሕጉ በሩን ከፍቷል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2016 ኒውዮርክ ላይ ስለ ስደተኞች ዘጠኝ ቃል ኪዳኖች ገብታ ነበር፤ በጥር 2011 ዓ.ም. የጸደቀው አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ደግሞ ስደተኛው ተቀጥሮ እንዲሠራ፣ በግብርና፣ በአነስተኛ ኢንተርፕራይዝ፣ በእደ ጥበብና በንግድ እንዲሰማራ፣ የባንክ አገልግሎት እንዲያገኝ ፈቅዷል። ጥሩ አዋጅ ነው፤ በአፍሪካ ውስጥ ከሚመሰገኑት አንዱ ነው። ከአዋጁ እስከ ወረዳው መስኮት ያለው መንገድ ግን ረጅም ነው፤ ይህን መንገድ አብሮ የሚሄድ ሰው ያስፈልጋል። ከእንግዲህ የአማካሪ ሥራዬ ይህ ነው ብዬ ያሰብኩት ዛሬ ነው።

ሐሙስ፦ አውበሬ

ከጅግጅጋ በሰሜን ምሥራቅ፣ ወደ ሶማሌላንድ ድንበር ጥግ። ሸደርን በመንገዳችን አለፍናት። ሁለቱም መጠለያዎች እ.ኤ.አ. በ2007 እና በ2008 የተከፈቱ ናቸው፤ በደቡብና በመካከለኛው ሶማሊያ እንደገና የነደደው ጦርነት ያመጣቸው ሰዎች ናቸው የሚኖሩባቸው። መሬቱ ቀይ ነው፤ አቧራው ጥርስ ውስጥ ይገባል።

ስልክ የሚጠግኑ ሁለት ወጣቶችን አየን፤ በፀሐይ ኃይል የሰውን ስልክ በክፍያ ይሞላሉ። ሥራቸው ጥሩ ነው፤ ምክሬ ብዙም አላስፈለጋቸውም።

የከበደኝ ውይይት ከመጠለያው ውጭ የነበረው ነው። የአገሬው ወጣት፣ ዶሮ ለማርባት ተወዳድሮ በመጀመሪያው ዙር የወደቀ፣ ተከትሎን መጣ። “እኔ የተወለድኩት እዚህ ነው። ድርቁ የአባቴን ከብቶች ጨርሷል። ራሽን የለኝም። ፕሮጀክት ሲመጣ ስደተኛ ነህ ወይ እባላለሁ” አለ። ቁጣው በስደተኞቹ ላይ አልነበረም፤ አጠገቡ የቆመው ስደተኛ ጓደኛው ነበር። ቁጣው በቅጹ ላይ ነው። ያለውን ሁሉ ጻፍኩ። እንዲህ ያለውን ወጣት ወደ ጎን የተወ ፕሮግራም ስደተኛውንም ያስጠላዋል። እርሱና ስደተኛ ጓደኛው አንድ ላይ ቢያመለክቱ በሚቀጥለው ዙር መግባት እንደሚችሉ አስረዳሁት። ከልቡ ያመነኝ አልመሰለኝም።

ማታ ጅግጅጋ ተመልሰን እራት ላይ ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ ጋር ብዙ አወራን። በክልሉ ደቡብ፣ ዶሎ አዶ አካባቢ ባለው የመልካዲዳ የስደተኞች መጠለያ የሠራ ሰው ነው። እዚያ በኢኬያ ፋውንዴሽን ድጋፍ በገናሌ ወንዝ ዳር የመስኖ እርሻዎች ተዘርግተዋል፤ የኅብረት ሥራ ማኅበራቱ አባላት ስደተኛውም አገሬውም ናቸው። ፕሮሶፒስ የሚባለውን ወራሪ ቁጥቋጦ እየቆረጡ ማገዶ የሚያመርቱ ማኅበራትም አሉ። መሬቱ የአገሬው ነው፤ ጉልበቱ የሁለቱም፤ ምርቱንም ይካፈላሉ። “ተካፋይ የሆነ ሰው አጥር አያጥርም” አለኝ።

እኔ ደግሞ ስለ ካኩማ አወራሁለት። በሰሜን ኬንያ ያለው ይህ መጠለያ በ1992 እ.ኤ.አ. የተቋቋመ ነው። የዓለም ባንክ ቡድን አባል የሆነው ዓለም አቀፉ የፋይናንስ ኮርፖሬሽን በ2018 ባወጣው ጥናት በካኩማ አካባቢ ከ2,000 በላይ የንግድ ሥራዎች እንዳሉና የገበያው መጠን በዓመት 56 ሚሊዮን ዶላር እንደሚደርስ ገምቷል። ከዚያ በኋላ ነው ስደተኛውንም የቱርካና ተወላጁንም የሚያወዳድር የገንዘብ ድጋፍ የተጀመረው። በካኩማ ገበያ ውስጥ ስማቸው ከሚጠራ ነጋዴዎች መካከል ኢትዮጵያውያን ስደተኞች አሉ፤ እንጀራ ጋግረው፣ ሸቀጥ በጅምላ አከፋፍለው የሚያድሩ የእኛው ሰዎች። ሰው አገራችን ሲሰደድ የምናስበው በእነርሱ ቦታ ሆነን ቢሆን ብዙ ነገር ይቀለን ነበር።

ዓርብ

ከጁምዓ ጸሎት በኋላ ሁለቱን ሴቶች አገኘኋቸው። የሽርክና ውል አረቀቅን፤ በሶማሊኛና በአማርኛ። ተርጓሚያችን እያንዳንዱን አንቀጽ ሁለት ጊዜ አነበበላቸው። ድርሻቸው እኩል፣ አንዳቸው ቢሞቱ ወራሾች ሥራውን ለብቻቸው መውሰድ እንደማይችሉ፣ ስደተኛዋ ወደ ሌላ አገር የመስፈር ዕድል ብታገኝ እንኳ ድርሻዋ እንደሚከፈላት። ይህን የመጨረሻውን አንቀጽ ሳነሣ ሁለቱም ተያዩ። የመልሶ ማስፈር ተስፋ ስንት ዓመት እንደጠበቁት ያውቁታል።

ቅዳሜ፦ የዳኞች ቀን

አዳራሹ ሞልቷል። ለእያንዳንዱ ሰው ሦስት ደቂቃ ለማስረዳት፣ አምስት ደቂቃ ለጥያቄ። ባለ ሱቋ ሴት የዱቤ ደብተሯን ይዛ ቀረበች፤ ነዪ ይዘሽው ብዬ የለመንኳት እኔ ነኝ። ከዳኞቹ አንዱ ደብተሩን ከእጇ ተቀብሎ ገጹን ሲገልጥ የራሱን ሠፈር ሰው ቤት አወቀና ፈገግ አለ። ከዚያ በኋላ ጥያቄው ሁሉ ከበሬታ ነበረው።

ወተት ነጋዴዎቹ አብረው ቆሙ። ስደተኛዋ ስለ ገበያው፣ አገሬዋ ስለ አሰባሰቡ ተናገረች። የብረቱን ዕቃ አፍ ስፋት በሁለት እጇ አሳየች፤ “እጄ ከገባ ይታጠባል፤ ከታጠበ አይበላሽም” አለች። ከዚያ ያ ጥያቄ መጣ። አንዲት ዳኛ መነጽሯን አውልቃ፣ “ኤዶ (አክስቴ)፣ ፈቃዱ በማን ስም ነው?” አለች።

አገሬዋ ከቀሚሷ ስር የታጠፈውን ውል አወጣች። “እስከ ትናንት በእኔ ነበር” ብላ ሰጠቻት።

ተመረጡ። ልብስ ሰፊው አልተመረጠም፤ ለእርሱ መኪና የሚገዛበትን ሌላ መንገድ ካላገኘሁለት ይህ ጉዞ ለእኔ ጎደሎ ነው። የዶሮ አርቢው ወጣት በሩ አጠገብ ቆሞ እስከ መጨረሻው ተከታተለ።

ሰኞ፦ የባንክ መስኮት

ገንዘቡ የሚለቀቀው በሁለቱ ስም በሚከፈት የጋራ ሒሳብ ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ከአንድ የባንክ ቅርንጫፍ ፊት ተሰልፈን ነበር። ስደተኛዋ የስደተኛ መታወቂያዋንና የፋይዳ ቁጥሯን በላስቲክ ጠቅልላ ይዛለች። ጸሐፊዋ ትሑት ልጅ ናት፤ ግን ኮምፒውተሩ ላይ የሚቀጥለውን ገጽ ለማለፍ የምትመርጠውን አጣች። ኃላፊውን ጠራችው፤ ኃላፊው ስልክ ደወለ፤ ቁጭ በሉ ተባልን። አራት ሰዓት ሆነ። አምስት ሰዓት ሆነ። አገሬዋ ልትተዋት አልፈቀደችም፤ “የኔ ወረቀት ካለቀ የሷም እስኪያልቅ እዚህ ነኝ” ብላ ጫማዋን አውልቃ ተቀመጠች። እኔ የአዋጁን ቅጂ በስልኬ ከፍቼ ለኃላፊው አሳየሁት። አነበበው፤ ደግሞ አነበበው፤ ዋናው መሥሪያ ቤት መልሶ ሲደውል ከመቀመጫው ተነሥቶ መልሱን ራሱ ነገረን።

ስማቸው ተራ በተራ ተጻፈ። የስደተኛዋ ስም ሁለት ጊዜ በተሳሳተ ፊደል ተጽፎ ሁለት ጊዜ ታረመ። ሦስተኛው ላይ ጸሐፊዋ ወረቀቱን አዙራ አሳየቻት። ወተት ነጋዴዋ ማንበብ የምትችለው ጥቂት ነው፤ ስሟን ግን ታውቀዋለች። ጣቷን ከፊደሎቹ ሥር እያስኬደች እስከ መጨረሻው ሄደችና ራሷን ነቀነቀች። ከመቀነቷ ቋጠሮ የታጠፉ ብሮችን ፈታች፤ የትናንት ወተት ገንዘብ ነው፤ እየቆጠረች በመስኮቱ አስገባች። ማኅተሙ ሲያርፍ ሁለቱም ዝም አሉ።

ደረሰኙን አገሬዋ ልትይዘው እጇን ዘረጋች፤ ከዚያ መለሰችና “አንቺ ያዥው” አለቻት። የቀብሪበያህ መኪና ሊሄድ ነበር። ባዶ ጄሪካኖቻቸውን ከበሩ ጥግ አንሥተው እየሮጡ ወጡ።